«ድንጋይ ተምራ ምን ልትሆን?»

ባለፈው ወር ከልጅ ልጄ ጋር አምስት ኪሎ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ሄድን። ወሰድኳት ብል ደስ ባለኝ፤ እውነቱ ግን እሷ ናት የወሰደችኝ። የ12ኛ ክፍል ፈተናዋን ጨርሳ ውጤቷን እየተጠባበቀች ነው። ጉልበቴ ደረጃ ስለማይወድ ክንዴን ይዛ፣ አንድ በአንድ እየረገጥን ድንቅነሽ ወዳለችበት ምድር ቤት ወረድን።

ድንቅነሽን ከዚህ በፊት አይቻታለሁ። የዚያን ቀን ያስቆመችኝ ሕፃኗ ሰላም ናት። በእናቶችና ሕፃናት ክፍል 31 ዓመት በነርስነት አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ዓይኔ ግን ጡረታ አልወጣም። ሕፃን ሳይ ጥርሱን ሳላይ አላልፍም። ድሮ እናት የልጇ ዕድሜ ሲጠፋት ወይም ካርዱ ሲጠፋባት፣ አፉን ከፍተን ጥርሱን ቆጥረን ነበር የምንገምተው። እናም መስተዋቱ ፊት ቆሜ ሳላስበው የሰላምን የወተት መንጋጋዎች መቁጠር ጀመርኩ።

«ይቺ ልጅ ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ሦስት ግን የሞላት አይመስለኝም» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

የልጅ ልጄ ሳቀች። «እማማ፣ እነሱ እዚህ መልስ ላይ ለመድረስ ሃያ ዓመት ገደማ ፈጅቶባቸዋል እኮ!» አለችኝ። ቀጥላም ወደዚያ ያመጣችኝን ጉዳይ አወጣችው። «ይቺን ልጅ ለዓለም ያሳወቁት ፕሮፌሰር መጀመሪያ የተማሩት ጂኦሎጂ ነው። እኔም እሱን መማር ነው የምፈልገው። አባዬ ‹በእኔ በኩል ችግር የለም፤ እማማን ግን ራስሽ አሳምኚ› ብሎኛል።»

ልጄ ለምን ወደ እኔ እንደላካት አላጣሁትም።

«ማን ይቀጥርሃል?»

አባቷ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የደረሰው ጂኦሎጂ ነበር። ደስ ብሎት ወረቀቱን ይዞልኝ ሲመጣ እኔ ፊቴን አጠቆርኩበት። «ለዚህ ነው ያስተማርኩህ? ድንጋይ ልትለቅም? በረሃ ለበረሃ ስትንከራተት ማን ያይሃል? ማንስ ይቀጥርሃል?» አልኩት። ባለቤቴ ከሞተ ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ ቤቱ የቆመው በአንድ ነርስ ደመወዝ ነው፤ ከእሱ በታች ሁለት እህቶች አሉት። አለቀስኩ። እንባዬን ሲያይ አልተከራከረኝም። ወደ አካውንቲንግ ተዛወረ።

ዛሬ ጥሩ ሥራ አለው፣ ቤተሰቡን በወጉ ያስተዳድራል፣ አንድም ቀን ወቅሶኝ አያውቅም። ነገር ግን ወደ አዳማም ሆነ ወደ አዋሽ በሄድን ቁጥር መኪናውን ዳር ይዞ ይወርዳል። ጥቁር ድንጋይ አንስቶ ያገላብጣል፣ አፈሩን በእጁ ጠርጎ ወደ ብርሃን ያዞረዋል፣ ኪሱ ይከተዋል። እኔ ያን ጊዜ በመስኮት ወዲያ ወዲያ እያየሁ ዝም እላለሁ።

እንግዲህ ከሙዚየሙ ስንመለስ የዚህን ሰው ታሪክ ላንብብ አልኩ። የልጅ ልጄ እየፈለገች ታቀርብልኛለች፣ እኔ መነጽሬን አድርጌ አነባለሁ፣ ያልገባኝን ታስረዳኛለች። ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ልጅ ለምታሳድጉና የልጅ ልጅ ለምታዩ ሁሉ ይጠቅማል ብዬ ያሰብኩትን ላካፍላችሁ።

ከአክሱም እስከ ዲኪካ

ፕሮፌሰር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1969 በአክሱም ነው። በ1990 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጂኦሎጂ ተመረቁ፤ ሥራም የጀመሩት በዚያው እኛ በጎበኘነው ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ነው። ድንጋይ ማንበብ የተማሩት ወጣት፣ በድንጋይ ውስጥ የተቀመጠውን አጥንት ማንበብ የጀመሩት እዚያ ነው ማለት ይቻላል። ቀጥሎ ወደ ፈረንሳይ ተሻገሩ። በሞንፔሊዬ የማስተርስ ዲግሪያቸውን፣ በ1998 ደግሞ በፓሪስ ዶክትሬታቸውን አገኙ። የዶክትሬት ጥናታቸው ያተኮረው በታችኛው ኦሞ ሸለቆ በተገኙ የእንስሳት ቅሪተ አካላት ላይ ነው። የትኛው እንስሳ የት እንደኖረ ሲታወቅ፣ ቦታው ያኔ ሣር ነበረ ወይስ ደን የሚለው ስለሚታወቅ ነው።

በ1999 በአፋር፣ ዲኪካ በተባለ ቦታ የራሳቸውን የምርምር ፕሮጀክት ጀመሩ። ዲኪካ ከአዋሽ ወንዝ ማዶ ለማዶ፣ ድንቅነሽ በ1974 ከተገኘችበት ከሐዳር ፊት ለፊት ነው። ሙቀቱን አፋርን የሚያውቅ ያውቀዋል። ታኅሣሥ 1 ቀን 1993 ዓ.ም. ከቡድኑ አባላት አንዱ የሆኑት ጥላሁን ገብረሥላሴ፣ በዳገት ላይ ከአሸዋ ድንጋይ መካከል ብቅ ያለች ትንሽ የፊት አጥንት አዩ። ያቺ ፊት የሰላም ነበረች። ዝርያዋ የድንቅነሽ ዝርያ የሆነው አውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ ነው፤ በዘመን ግን ድንቅነሽን በ100 ሺህ ዓመት ገደማ ትቀድማለች።

ትልቁ ሥራ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የጭንቅላቷ፣ የጀርባዋ፣ የትከሻዋና የጎድን አጥንቶቿ ብዙው ክፍል እንደ ሲሚንቶ በጠጠረ የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ተቆልፎ ነበር። በመዶሻ አይነካም፤ አጥንቱ ይደቅቃል። ስለዚህ የጥርስ ሐኪም በሚጠቀምበት መሰርሰሪያ፣ በአጉሊ መነጽር እያዩ፣ አሸዋውን ፍሬ በፍሬ ማንሳት ያዙ። ግኝቱ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጥቶ ዓለም የሰማው በመስከረም 1999 ዓ.ም. ነው። ይህ ከአምስት ዓመት በላይ ማለት ነው። ሁለቱን የትከሻ አጥንቶች ለይቶ ለማውጣት ደግሞ 11 ዓመት ፈጀ። የጀርባ አጥንቷ ጥናት በ2017፣ የእግሯ በ2018፣ የአንጎሏ በ2020 ታተመ።

በእነዚህ ዓመታት ፕሮፌሰሩ በአሪዞና፣ በጀርመን ላይፕዚግ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ሠርተው ከ2016 ጀምሮ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ። ያሳተሙትን ሁሉ ደግሞ ሁሉም ሰው እሺ ብሎ አልተቀበለም። በ2010 ከዲኪካ የተገኙ ሁለት የእንስሳት አጥንቶች በድንጋይ መሣሪያ የተቆረጡበት ምልክት አላቸው፣ ዕድሜያቸውም 3.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው ብለው ከባልደረቦቻቸው ጋር ሲጽፉ፣ ሌሎች ተመራማሪዎች የለም፣ ይህ የአዞ ጥርስ ወይም የእንስሳት ኮቴ ያመጣው ነው ብለው ተከራክረዋል። ክርክሩ ዓመታት ቆይቷል።

ይህን ሳነብ መጽሐፌን አጥፌ ተቀመጥኩ። እኚህ ሰው ለአንዲት ሕፃን ትከሻ 11 ዓመት ሲታገሡ፣ እኔ ለገዛ ልጄ አራት የዩኒቨርሲቲ ዓመት መታገሥ አቅቶኝ ነበር።

የማይጠፋ ካርድ

እኔን እንደ ጤና ባለሙያ ያስገረመኝ የሰላም ዕድሜ የታወቀበት መንገድ ነው። ሁለት ዕድሜ አላት። አንዱ ከኖረችበት ዘመን ወዲህ ያለው 3.3 ሚሊዮን ዓመት ነው። ሌላው ስትሞት የነበራት ዕድሜ ነው። ሁለቱም የተገኙት በተለያየ ኬሚስትሪና ቆጠራ ነው።

የመጀመሪያውን የነገረን የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። እዚህ ላይ ነው የድንጋይ ኬሚስትሪ፣ ማለትም ጂኦኬሚስትሪ የሚባለው ትምህርት የሚገባው። በዓለት ውስጥ ፖታሲየም አለ። ከፖታሲየም አንዱ ዓይነት በጣም በዝግታ እየተለወጠ፣ ከፊሉ አርጎን የሚባል ጋዝ ይሆናል። ግማሹ እስኪለወጥ ድረስ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይወስዳል። እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ በቀለጠው ዓለት ውስጥ የነበረው አርጎን ያመልጣል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል።

ለእኔ የገባኝ በግሉኮስ ነው። ተረኛ ሆኜ ስገባ በሽተኛው የተሰቀለለት ግሉኮስ ምን ያህል እንደወረደ አያለሁ፤ በደቂቃ ስንት ጠብታ እንደሚወርድ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ማንም ባይነግረኝ እንኳ በስንት ሰዓት እንደተሰቀለ አሰላለሁ። እነሱም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። በተጨማሪ እያንዳንዱ ፍንዳታ የሚተፋው አመድ የራሱ የኬሚካል ቅንብር አለው፤ እንደ ጣት አሻራ። አንድ አመድ በአንድ ቦታ ዕድሜው ከታወቀ፣ ራቅ ብሎ በሚገኝ ሌላ ቦታም አሻራው ከተገጣጠመ ያው አመድ ነው ይባላል። ከሰላም በታች ያለው፣ ሲዲ ሃኮማ የሚባለው የአመድ ንጣፍ ዕድሜው 3.42 ሚሊዮን ዓመት ነው። እሷ ከእሱ በላይ ስለተገኘች ከዚያ በኋላ የኖረች ናት።

ሁለተኛውን ዕድሜ የነገሩን ጥርሶቿ ናቸው። ስትገኝ ሦስት ዓመት ገደማ ይሆናታል ተብሎ ነበር። ሴት መሆኗም የተገመተው ገና በድድ ውስጥ ከነበሩት ቋሚ ጥርሶቿ መጠን ነው። በኋላ ግን ቅሪተ አካሏ ወደ ፈረንሳይ ግሬኖብል ተወስዶ፣ ከሆስፒታል ራጅ እጅግ በሚበልጥ ኃይለኛ ጨረር ተነሣ። የጥርስ ኢናሜል ሲሠራ በየቀኑ አንድ ቀጭን መስመር ያስቀምጣል። ሕፃኑ የተወለደበት ቀን ደግሞ ከሌላው ለየት ያለ መስመር ይተዋል። መስመሮቹ ተቆጠሩ። ሰላም ስትሞት 2 ዓመት ከ4 ወር ገደማ ነበረች።

እናቶችን ስንት ዓመት ሙሉ «የእድገት መከታተያ ካርዱን አትጣይው» ስል ኖሬአለሁ! ልጁ ግን ለካ ካርዱን በአፉ ይዞት ይዞራል። 3.3 ሚሊዮን ዓመት እንኳ አላጠፋውም።

ጥርስ የተበላውንም ይመዘግባል። እንደ ጤፍ፣ ማሽላና በቆሎ ያሉ የሞቃት አገር የሣር ዘሮች የሚይዙት ካርቦን፣ ከዛፍ ፍሬ ወይም ከስንዴና ከገብስ ካርቦን በጥቂቱ ይለያል። ያ ልዩነት ወደ በሊታው ጥርስ ይገባል። ፕሮፌሰር ዘረሰናይ ያሉበት ቡድን በ2013 ከሐዳርና ከዲኪካ የተገኙ ጥርሶችን በዚህ መንገድ መርምሮ፣ የእነ ድንቅነሽ ዘሮች ከዛፍ ፍሬ ብቻ ሳይሆን ከሣር ወገን ከሚገኝ ምግብም ይመገቡ እንደነበር አሳይቷል። እንጀራ ስንበላ የኖርነውም ጥርሳችን ቢመረመር የጤፉን ምልክት ይዞ ይገኛል ማለት ነው።

የበለዙት ጥርሶች

እዚህ ላይ ስደርስ ስለ ጥርስና ስለ ድንጋይ የረሳሁት የመሰለኝ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

ገና ወጣት ነርስ ሳለሁ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በምትገኝ አንዲት ጤና ጣቢያ ተመድቤ ሠርቻለሁ። የአካባቢው ልጆች ጥርስ የበለዘ ነበር፤ ቡናማ፣ አንዳንዱም የተቦረቦረ። እኔ ከደጋ የመጣሁ ወጣት፣ እናቶችን እቆጣ ነበር። «ምነው የዚህን ልጅ ጥርስ አታጥቢለትም? መፋቂያ ጠፍቶ ነው?» እላቸዋለሁ። አንዷ እናት አንገቷን ደፍታ «ሲስተር፣ ድዱ እስኪደማ ፍቄዋለሁ» አለችኝ። አላመንኳትም።

ከወራት በኋላ ጉድጓድ ቆፋሪዎች መጡ። አብሯቸው ያለ አንድ ወጣት ውኃውን በጠርሙስ እየቀዳ ይመዘግባል። ሻይ አፍልቼለት ስናወራ ምክንያቱን ነገረኝ። የስምጥ ሸለቆ ዓለትና አመድ የእሳተ ገሞራ ነው፤ በውስጡ ፍሎራይድ አለ፤ ውኃው በዓለቱ ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይዱን እያሟሟ ይዞት ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የፈቀደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ግን ከዚያ በላይ የሚገኝባቸው ብዙ ጉድጓዶች አሉ። ፍሎራይዱ የሚጎዳው ኢናሜሉን ገና በድድ ውስጥ ሲሠራ ነው። ጥርሱ ሲወጣ በልዞ ይወጣል። ዓመት ሙሉ ቢፋቅ አይነጣም። መጠኑ ሲበዛና ለረጅም ዘመን ሲጠጣ ደግሞ ወደ አጥንትም ይደርሳል።

ያ ወጣት የተማረው ድንጋይ ነበር። እኔ በዲፕሎማዬ ያላወቅሁትን የሕፃናት በሽታ የነገረኝ እሱ ነው። ያቺን እናት ይቅርታ ለመጠየቅ በክትባት ቀን ጠበቅኋት፤ አልመጣችም። ብዙም ሳልቆይ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወርኩ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ፣ ከዓመታት በኋላ የራሴን ልጅ «ድንጋይ ተምረህ ማን ይቀጥርሃል?» ያልኩት እኔው ነኝ። የሰው ልጅ ስጋት ሲይዘው ያወቀውን ይረሳል።

ረጅሙ ልጅነት

ስለ ሰላም ካነበብኩት ሁሉ ልቤ ላይ የቀረው ሁለት ነገር ነው።

አንደኛው እግሯ ነው። ሁለት እግሯን ይዛ ቆማ የምትሄድ ልጅ ናት፤ የእግሯ አውራ ጣት ግን ከእኛ ልጆች ይልቅ የመጨበጥ አቅም ነበረው። ዛፍ ላይ ለመውጣት፣ እናቷ ላይም ለመጣበቅ ይረዳታል። ያኔ አንቀልባ የለም፤ ነጠላ የለም። እናት ስትሄድ ልጅ መያዝ ነበረባት።

ሁለተኛው አንጎሏ ነው። በ2020 የታተመው ጥናት የሰላምን የአንጎል መጠን ወደ 275 ሚሊ ሊትር ገደማ አድርሶታል። ከድንቅነሽ ዘር አዋቂዎች ጋር ሲነጻጸር፣ የአንጎሏ ቅርጽ እንደ ዝንጀሮ ወገን ቢሆንም ዕድገቱ ረጅም ጊዜ የሚወስድ ነበር ይላሉ ተመራማሪዎቹ። ቀስ ብሎ የሚያድግ አንጎል ማለት ለረጅም ጊዜ ጥበቃ የሚፈልግ ልጅ ማለት ነው፤ ለረጅም ጊዜም የሚማር።

ጥጃ በተወለደ ዕለት ይቆማል። የእኛ ልጅ ለመቆም ዓመት ይፈጅበታል፤ ራሱን ለመቻል ሃያ ዓመት። እኛ ወላጆች ይህን እንደ ሸክም እናየዋለን። የሰላም አጥንት ግን ይህ መዘግየት ገና በ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት የተጀመረ የዘራችን ሀብት ሊሆን እንደሚችል ይናገራል።

ባለፈው እሑድ ቡና ተፈልቶ ሳለ ልጄን «ትማር» አልኩት። ከዚያም ለዓመታት የዋጥኩትን አወጣሁት። «አንተን ግን በድዬሃለሁ» አልኩት።

ሲኒውን አስቀመጠና «እማዬ፣ ያኔ ቤታችን እንዴት እንደነበር እኔም አውቅ ነበር» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። እኔም አልጨመርኩም። የልጅ ልጄ ቄጤማው ላይ ተቀምጣ ሁለታችንንም ታየናለች።

በዚህ ሰሞን ልጆቻቸው የትምህርት ክፍል የሚመርጡላቸው ወላጆች ብዙ ናችሁ። ምክር ከጠየቃችሁኝ እነሆ። ልጁ የመረጠውን ትምህርት ከመቃወማችሁ በፊት፣ የተማሩት ሰዎች ምን እየሠሩ እንደሚኖሩ ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ነው የፈረድኩት። ጂኦሎጂ የተማረ የከርሰ ምድር ውኃ ይፈልጋል፣ ግድብና መንገድ የሚቆምበትን መሬት ይመረምራል፣ ማዕድን ያወጣል፣ ከእንፋሎት ኃይል ያመነጫል፣ የመጠጥ ውኃ ለሕፃናት ጥርስ የሚስማማ መሆኑን ይለካል። የገንዘብ ስጋት ካለባችሁም አትደብቁት፤ እንባን ግን መከራከሪያ አታድርጉት። ልጅ በእንባ ሲሸነፍ ያመነ ይመስላል እንጂ አላመነም። የምትኖሩት በስምጥ ሸለቆ ከሆነ ደግሞ፣ የምትጠጡት ውኃ ለፍሎራይድ ተመርምሮ እንደሆነ በአካባቢያችሁ የውኃ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ በተለይ ከስምንት ዓመት በታች ልጅ ካላችሁ።

የልጅ ልጄ ውጤት ገና አልመጣም። የተመኘችው ይደርሳት አይደርሳት አላውቅም። ለመስከረም ግን ጠንካራ ጫማ ልገዛላት ከጡረታዬ ማስቀመጥ ጀምሬአለሁ። አፋር በቀጭን ጫማ አይሄድበትም ብላኛለች።

ቸር ያሰማን።